ሽታው በየት ገባ? ከጆሃንስበርግ መታጠቢያ ቤቶች የተማርኩት

ጆሃንስበርግ ውስጥ በቧንቧ ሥራ ስተዳደር ብዙ ዓመታት አለፉ። ደንበኞቼ በአብዛኛው ያገሬ ልጆች ናቸው፤ በጄፒ ሰፈር ሱቅና ምግብ ቤት ያላቸው፣ ሜይፌር ሰፈር ቤት ተከራይተው የሚኖሩ፣ ከሆሳዕናና ከአዲስ አበባ መጥተው ኑሯቸውን እዚህ የመሠረቱ። ከሚደውሉልኝ ሰዎች ብዙዎቹን የሚያስመርራቸው የመታጠቢያ ቤት ሽታ ነው። እኔ ዘንድ እስኪደርሱ ዕጣን አጭሰዋል፣ በረኪና ደፍተዋል፣ ሽቶ ረጭተዋል። ሽታው ለጥቂት ሰዓት ይሸፈንና ተመልሶ ይመጣል። ከዚህ ሥራ የጨበጥኩት ዋና ቁም ነገር፣ የፍሳሽ ሽታ ቤት የሚገባው መንገድ ሲከፈትለት ብቻ መሆኑን ነው። መንገዱ እስካልተዘጋ ድረስ ምንም ብትረጩበት አይበገርም።

በየእጅ መታጠቢያውና በየሽንት ቤቱ ሥር ያለው የታጠፈ ቱቦ፣ ሲፎን የምንለው፣ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይዞ ይቀራል። ያ ውሃ በቤቱና በፍሳሽ መስመሩ መካከል የቆመ በር ነው። ከፍታው በአብዛኛው 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስኮትላንዳዊው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ከሚንግ እ.ኤ.አ. በ1775 ይህን እጥፋት ለሽንት ቤት አውሎ የፈጠራ መብት ካስመዘገበ ወዲህ፣ የዓለም መታጠቢያ ቤቶች በዚሁ ሐሳብ ይሠራሉ። ከዚህ በታች የማካፍላችሁ ትምህርት በአብዛኛው ይህን ውሃና በዙሪያው ያሉትን ማሸጊያዎች ስለመጠበቅ ነው።

1. ሽታውን ለዩት

ሁሉም መጥፎ ሽታ ከፍሳሽ መስመር አይመጣም። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ ስለሆነ፣ ከቱቦው እየወጣ ነው ማለት ነው። አፍንጫ የሚሰነፍጠው የሽንት ሽታ ግን ከመቀመጫው ሥርና ከወለሉ ስንጥቅ ይነሳል፤ መድኃኒቱ ፈግፍጎ ማጠብና ስንጥቁን መድፈን ነው። የሻገተ ጨርቅ የሚመስለው ሽታ የእርጥበት ምልክት ነው፤ ግድግዳ ውስጥ የሚያንጠባጥብ ቱቦ ሊኖር ይችላል። መሣሪያ ከማንሳታችሁ በፊት በሩን ዘግታችሁ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ተመለሱና ወለሉ ላይ ካለው ማስረጊያ፣ ከእጅ መታጠቢያው፣ ከመቀመጫው ሥር አንድ በአንድ አሽትቱ።

2. መጀመሪያ ውሃ አፍስሱ

ጄፒ አካባቢ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ጠርተውኝ ሄድኩ። «ልጄ፣ ዕጣኑም አልረዳን፤ ደንበኛ አፍንጫውን ይዞ ይወጣል» አሉኝ። መጸዳጃ ቤታቸው እንደ መስታወት ያበራል። አጠገቡ ግን የካርቶን ማስቀመጫ ያደረጉት አሮጌ የገላ መታጠቢያ ክፍል አለ። «እናቴ፣ እዚህ ሰው ከታጠበ ቆየ?» ስላቸው «ኧረ እኛ ከገባን ማንም አልታጠበበት» አሉ። ካርቶኑን አነሳን። የወለሉ ማስረጊያ ክዳን ላይ አቧራ ተጋግሯል፣ ሲፎኑ ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም፤ እጄን አፉ ላይ ሳደርገው ሞቅ ያለ አየር ሽቅብ ይነፍሳል። በጆግ ውሃ ሞላሁበት፤ ላዩ ላይም ውሃው ቶሎ እንዳይተን አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨመርኩበት። ማታ ደውለው መረቁኝ።

የጄፒ አሮጌ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ለሌላ ሥራ የታነጹ ናቸው። ዛሬ በኢትዮጵያውያን ሱቅ የተሞላው ሜዲካል አርትስ ሕንፃ ዱሮ የሐኪሞች ክፍሎች ነበሩበት። እንዲህ ያለ ሕንፃ ለንግድ ሲከፋፈል፣ ከመደርደሪያና ከዕቃ ጀርባ ማንም የማይነካው የውሃ መውረጃ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የማትጠቀሙበት ማስረጊያ ካለ በየሳምንቱ ውሃ አጠጡት፤ ከነጭራሹ የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ደግሞ በባለሙያ አስደፍኑት።

3. ውሃ በጠፋ ሰሞን ሲፎኑን አትርሱ

እዚህ ከተማ ውሃ መጥፋቱ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 ውሃውን ለከተማዋ በጅምላ የሚያቀርበው ራንድ ዋተር ለጥገና ብሎ ለ58 ሰዓት የታቀደ ማቋረጥ አድርጎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ሰፈር በሰፈር ሲጠፋ አይተናል። ክረምቱ፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ያለው፣ ዝናብ እምብዛም የሌለውና እጅግ ደረቅ ስለሆነ በሲፎን ውስጥ ያለው ውሃ በፍጥነት ይተናል። ሰው ባልዲውን ለመጠጥና ለማብሰያ ሲቆጥብ፣ የወለል ማስረጊያው ሳይታጠብ ይሰነብታል። የእኔ ምክር ልብስ የታጠበበትን ወይም እጅ የታጠባችሁበትን ውሃ አጠራቅማችሁ በየማስረጊያው አንዳንድ ጣሳ መድፋት ነው። ሽንት ቤቱንም በባልዲ ስታወርዱ ውሃውን ጥቂት በጥቂት ሳይሆን ባንድ ጊዜ ልቀቁት፤ መጨረሻ ላይ ጨምር አድርጉና ሲፎኑ ሞልቶ ይቅር።

4. ውሃው ሞልቶ ተመልሶ ከጎደለ ጣሪያውን እዩ

አንዳንድ ቤት ሲፎኑ ይሞላል፣ ጎረቤት ሽንት ቤቱን ሲለቅ ግን የእጅ መታጠቢያው ጉልጉል ብሎ ውሃው ይጎድላል። ይህ የአየር እጦት ነው። ወደታች የሚወርደው ፍሳሽ ከኋላው አየር ይስባል፤ ጣሪያ ላይ የሚወጣው የአየር መተንፈሻ ቱቦ በወፍ ጎጆ ወይም በቅጠል ከተደፈነ አየሩን የሚያገኘው የእናንተን ሲፎን ውሃ መጥጦ ነው። እንዲህ ባለ ቤት በላይ በላዩ ውሃ መጨመር ድካም ብቻ ነው። መተንፈሻውን ማስጠረግ፣ ከሌለም ማስገጠም ያስፈልጋል። ክፍል እየከፈለ የሚያከራይ ሰው አዲስ ሽንት ቤት ሲያስቀጥል ይህን ቱቦ እንዳይዘል አደራ እላለሁ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቱቦም ያለ ሲፎን በቀጥታ ከፍሳሹ ጋር ተገናኝቶ ከሆነ፣ ያው የሽታ መግቢያ ነው።

5. መቀመጫውን በሁለት እጃችሁ ነቅነቅ አድርጉት

ጠንክሮ ያልታሰረ የሽንት ቤት መቀመጫ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ይወዛወዛል። ከኋላው ከፍሳሽ ቱቦው ጋር የሚያገናኘው ጎማ ይላላል ወይም ይሰነጠቃል። ውሃ ላያፈስ ይችላል፤ ጋዝ ግን ያሳልፋል። ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ጎማው ዙሪያ ስትይዙ ከተርገበገበ አየር እየወጣ ነው። ጎማው በየቧንቧ ዕቃ መሸጫው ይገኛል፣ ዋጋውም አይጎዳም። ከውጭ ሲልከን እየለጠፉ አሮጌውን ማቆየት ግን ችግሩን ለሚቀጥለው ወር ማሳደር ነው። አዲሱን አስገብታችሁ መቀመጫውን በቡሎን ከወለሉ ጋር አጥብቁት።

6. የሊጥ እጣቢ ወደ ቱቦ አይሂድ

እንጀራ የሚጋገርበት ቤት የራሱ ችግር አለው። የሊጥ ዕቃ እጣቢ ቱቦው ግድግዳ ላይ ይጋገርና እዚያው ይቦካል። የወጥ ዘይትና ቅቤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ የቡና አተላ ደግሞ ላዩ ላይ ይለጠፋል። መታጠቢያ ቤቱ ከወጥ ቤቱ ጋር በአንድ መስመር ከተያያዘ ሽታው በዚያ ይወጣል። ሊጡን በእጅ ጠርጎ መጣል፣ ዘይቱን በጠርሙስ ማጠራቀም፣ የማጠቢያ ሳህኑ አፍ ላይ ወንፊት ማድረግ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የከተማው መስመር በቅባት ተደፍኖ ማንሆል ሲገነፍል ፍሳሹ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ጆሃንስበርግ የውሃ መለያያ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሰሜን በኩል ያለው በጁክስኬይ ወንዝ አድርጎ በሊምፖፖ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይፈሳል፤ በደቡብ ያለው በክሊፕና በቫል ወንዞች አድርጎ በኦሬንጅ ወደ አትላንቲክ ይሄዳል። ከአንድ ወጥ ቤት የወጣ ቆሻሻ ከታች ውሃ የሚቀዳ ሰው ዘንድ ይደርሳል።

7. ካራቫንም ቤት ነው፣ ሕጉ አንድ ነው

ለገናና ለፋሲካ ካራቫን ጎትተው ወደ ደርባን የሚወርዱ ቤተሰቦች እየበዙ ነው። የካራቫን መታጠቢያ ቤት ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ሽታ እንኳ ያስቸግራል። በአብዛኞቹ ያለው ሽንት ቤት ከሥሩ በሚሳብ ሣጥን ውስጥ ያጠራቅማል፤ በሣጥኑ አፍ ላይ የሚንሸራተት መዝጊያና የጎማ ማሸጊያ አለ። ያ ጎማ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለጎማ በተሠራ ቅባት አለስልሱት፣ በምግብ ዘይት ግን አትቀቡት፣ ጎማውን ያበላሸዋል። ሣጥኑን በተፈቀደ ቦታ ብቻ ድፉ፣ እጠቡት፣ ለእሱ የተሠራውን ፈሳሽና ጥቂት ውሃ ጨምሩበት። የገላ መታጠቢያው ሲፎን ትንሽ ስለሆነ ውሃው በመንገዱ መንገጫገጭ ይደፋል፤ ስለዚህ እንደቆማችሁ መጀመሪያ ውሃ አፍስሱበት፣ በጉዞ ላይም መውረጃውን በውታፍ ዝጉት። ከደርባን ስትመለሱ ከባሕር ዳርቻ ተነስታችሁ ከ1,700 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። በሣጥኑ ውስጥ የታሸገው አየር ይለጠጣልና መዝጊያውን ከመክፈታችሁ በፊት የአየር ማስተንፈሻውን ክፈቱ፤ አለዚያ ፊታችሁ ላይ ይረጫል።

8. ሕይወት የሚያጠፋውን እወቁ

እዚህ ከተማ በየሱቁ የሚሸጠውን ጂክ፣ ማለትም በረኪና፣ ከአሲድ ጋር በአንድ ቱቦ የሚደፉ ሰዎች አይቻለሁ። ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በፍጹም አታገናኟቸው።

ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ የሚመስላችሁ አደጋው ሲጨምር ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ወደ ማንሆል ወይም ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ አይግባ፤ የወደቀ ለማዳን ብሎ የሚዘል ሁለተኛ ሰውም አብሮ ይሞታል። ሚቴን ደግሞ ጭራሽ ሽታ የለውም፣ ግን ይቀጣጠላል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2023 ከጄፒ ቀጥሎ ባለው ሊሊያን ንጎዪ ጎዳና መሬት ውስጥ ፍንዳታ ደርሶ አስፋልቱን ገለበጠው፤ አንድ ሰው ሞተ፣ ከ40 በላይ ቆሰሉ። ምርመራው በዋናነት ያመለከተው በከርሰ ምድር መተላለፊያው ውስጥ የተቀጣጠለ ሚቴንን ነው። የፍሳሽ ሽታ በበረታበት ክፍል መስኮት ክፈቱ፣ ክብሪት አትጫሩ።

9. ጥገናው የማን እንደሆነ ለዩ

በግቢው ውስጥ ያለው መስመር የባለንብረቱ ነው፤ ከግቢው ውጭ ያለው የከተማው የውሃና ፍሳሽ ድርጅት የጆሃንስበርግ ዋተር ነው። መንገድ ላይ ያለው ማንሆል ከሞላና ጎረቤቶቻችሁም ተመሳሳይ ችግር ካለባቸው ችግሩ የከተማው ነው፤ ደውሉና የመዝገብ ቁጥሩን ያዙ። ግቢ ውስጥ ከሆነ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ፎቶግራፍም አያይዙ። የጣሪያውን ውሃ ወደ ፍሳሽ መስመር ያገናኘ አከራይ ካለም ተቃወሙ፤ የከተማው ደንብ ይከለክለዋል፣ ዝናብ በመጣ ቁጥርም ፍሳሹ ወደ ቤታችሁ ይመለሳል።

«ስደተኛ ነኝ፣ ምን አገባኝ» የሚል ወንድም ሲያጋጥመኝ የዚህን ከተማ ታሪክ አነሳበታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1904 ቸነፈር ገባ ተብሎ ከከተማው መሐል የተነሱ ጥቁሮች የሰፈሩት ክሊፕስፕሩት፣ የከተማው ፍሳሽ ከሚወገድበት ቦታ አጠገብ ነበር፤ የሶዌቶ ጅማሬ ከዚያ ነው። ድሃና ጥቁር በመጥፎ ሽታ ውስጥ ይኑር የተባለበትን ዘመን እኛ በፈቃዳችን ልንቀጥለው አይገባም። ኪራይ የሚከፍል ሰው ንጹሕ አየር የመተንፈስ መብት አለው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ በየማስረጊያው አንድ አንድ ጣሳ ውሃ አፍስሱ፣ መቀመጫውን ነቅነቅ አድርጉ። ሽታው በሁለት ቀን ውስጥ ካልጠፋ ሌላ በረኪና አትግዙ፤ ባለሙያ ጥሩ።