ሜልቪኒያን ፍለጋ

በ1850 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ አንድ አዛውንት ባለርስት ኑዛዜውን ጻፈ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ማጭዱን፣ የጠረጴዛ ልብሱን፣ ከብቱን ለወራሾቹ አከፋፈለ። ከሚከፋፈለው ንብረት መካከል ሜልቪኒያ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ብዙም ሳይቆይ ንብረቱ ሲገመት 475 ዶላር ታወጣለች ተብላ ተመዘገበች። በኋላም ወደ ሟቹ ልጅና አማች፣ ወደ ጆርጂያ ተላከች።

ይህች ልጅ ለሚሼል ኦባማ በእናታቸው በኩል ወደ ላይ ሲቆጠር አምስተኛ ትውልድ ናት። የዘር ሐረግ አጥኚዋ ሜጋን ስሞለንያክና ኒውዮርክ ታይምስ ታሪኳን በ2009 ይፋ አደረጉ። እኔን ደጋግሞ የሚያስነብበኝ ግን የቤተሰቡ ዝና ሳይሆን የተገኘችበት መንገድ ነው። እንዲህ ያለው ፍለጋ ለምን ከባድ እንደሆነ ለመረዳት ከቆጠራው መዝገብ መጀመር ይሻላል።

የመጀመሪያው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1790 ነው። ቆጠራውን ያካሄዱት ማርሻሎች በስም የጻፉት የቤቱን አባወራ ብቻ ነበር፤ ሌላው ሰው በቁጥር ታለፈ። ነጭ ወንዶች ከ16 ዓመት በላይና በታች ተብለው ተለዩ፤ ለጦርና ለሥራ የሚበቃው ስንት እንደሆነ ለማወቅ። ነጭ ሴቶች በጅምላ አንድ ዓምድ ውስጥ ገቡ። በባርነት የተያዙት ደግሞ የምክር ቤት መቀመጫ ሲደለደል ከአምስት እጅ ሦስቱ ብቻ ታሰቡ። የአባወራው ስም ብቻ መጻፉ እስከ 1840 ቀጥሏል። ሃምሳ ዓመት ትዳር ይዛ የኖረች እናት መዝገቡ ላይ አንዲት ቁጥር ናት፤ ይህን ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል።

ስለዚህ የሩቅ ሴት አያት የሚፈልግ ሰው ወደ ጋብቻ መዝገብ መሄድ አለበት። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም፤ እዚያ ግን ትለቃለች፤ ያ ስም ብዙ ጊዜ ለመጨረሻ ጊዜ የሚታየው የጋብቻዋ ወረቀት ላይ ነው። በቨርጂኒያ ሙሽራው ከማግባቱ በፊት ዋስ ጠርቶ የገንዘብ ውል ይፈርም ነበር። ዋሱ ብዙ ጊዜ የሙሽሪት አባት ወይም ወንድም ነው! 21 ዓመት ካልሞላት የአባትየው የፈቃድ ብጣሽ ወረቀትም አብሮ ሊገኝ ይችላል። ውሉ ሠርጉ መፈጸሙን አያረጋግጥም፤ ዘመዷን ግን ያሳያል። በየግዛቱ አይገኝም እንጂ፤ ደቡብ ካሮላይና በመላ ግዛቷ የጋብቻ ፈቃድ የጀመረችው በ1911 ነው።

በባርነት ለነበሩት ይህም በር ዝግ ነበር። ጋብቻቸውን ሕግ አያውቀውም። የ1850 እና የ1860 ቆጠራ ነጻውን ሰው ሁሉ በስም ሲጽፍ፣ እነሱን በአሳዳሪያቸው ስም ሥር ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም ብሎ አለፋቸው። የጸሐፊ ስንፍና አይደለም፤ ታስቦበት የተደረገ ነው። ቆጠራው ሁሉንም በስም የጻፋቸው በ1870 ነው።

ከዚያ በፊት ግን ልቤን የሚነካኝ አንድ መዝገብ አለ። በ1866 በቨርጂኒያ ካውንቲዎች ነጻ የወጡ ባልና ሚስቶች ትዳራቸውን አስመዘገቡ። የባል ስም፣ የሚስት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የመጨረሻው አሳዳሪያቸው ማን እንደነበረ፣ የልጆቻቸው ስምና ዕድሜ። ስንት ዓመት ያለ ሕግ የቆየ ትዳር በአንድ መስመር ተጻፈ።

ሜልቪኒያም በ1870ው ቆጠራ ከልጆቿ ጋር ትገኛለች። በ1938 ስትሞት በሞት ምስክር ወረቀቷ ላይ ለወላጆቿ ስም የተተወው ቦታ «አላውቅም» ተብሎ ተሞላ። ሆኖም ቆጠራዎቹ ሌላ ነገር ይዘዋል። በጎልማሳነቷ ጆርጂያ ውስጥ ወደ ባርቶው ካውንቲ ሄዳ፣ በልጅነቷ በዚያው ባለርስት ቤት አብረዋት ከነበሩት ከማራያና ከቦለስ ኢስሊ ጋር ተገናኘች። ልጇ ዶልፈስ የእነሱን ልጅ አሊስን አገባ። የሚሼል ኦባማ ሐረግ የሚወርደው ከዚህ ጋብቻ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተጋብታችሁ ልጆች ያፈራችሁ ወዳጆቼ፣ የልጆቻችሁን ያንን ወገን ፈልጉት። ቆጠራ ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው፤ የ1950ው በ2022 ተከፍቷልና ከሱ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። የ1890ው አብዛኛው በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሣ ቃጠሎ ሳቢያ ጠፍቷል፤ ያንን ክፍተት የካውንቲውን የጋብቻ መዝገብ ይዛችሁ ተሻገሩት። አማቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ግን ከሁሉ አስቀድማችሁ እነሱን ጠይቁ፤ የሴት አያቶቻቸውን ስም ከነአባታቸው።