በሊዝቦን የመኖሪያ ፈቃድ

ሊዝቦን የፖርቱጋል ዋና ከተማ ናት። ቴጆ የሚባለው ታላቅ ወንዝ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር ሊገናኝ በተቃረበበት ስፍራ፣ በኮረብታዎች ላይ ተሠርታለች። ነዋሪዎቿ ሰባት ኮረብታ አላት ይላሉ፤ እግሩ ዳገት ያልለመደ እንግዳ ግን ሰባ ናቸው ቢል አይፈረድበትም። የእግረኛው መንገድ በጥቃቅን ነጭና ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ስለ ሆነ ለዓይን ያማረ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ግን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የቤቶቹ ግድግዳ በሸክላ ንጣፍ ተለብጦ፣ ሰማያዊና ነጭ ሆኖ ይታያል። በ1755 ዓመት በኖቬምበር 1 ቀን የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ከእርሱም በኋላ የተከተለው የባሕር ማዕበልና የእሳት ቃጠሎ የከተማይቱን ታላቅ ክፍል አጥፍቶት ነበርና፣ የታችኛው ሰፈር ቀጥ ባለ መንገድ እንደገና ተሠራ። አልፋማ የሚባለው አሮጌ ሰፈር ግን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ለመሄድ የሚቸገሩበትን ጠመዝማዛ መንገዱን እንደ ያዘ ቀርቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን፣ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ወደዚህች ከተማ የሄድሁት በ2017 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ ስለ አንድ የመምህራን ስብሰባ ነበር። መሄዴ በተሰማ ጊዜ ግን አንዲት እናት ቤቴ ድረስ መጥተው አደራ አስያዙኝ። ልጃቸውን ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ኋላም የኮምፒዩተር ትምህርት አጥንቶ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ በሆላንድ አገር ላለ ድርጅት ሲሠራ ቆየ፤ በየካቲት ወርም ወደ ሊዝቦን ሄደ። አባቱ በሚያዝያ በድንገት ስላረፉ፣ ለቀብራቸው ባይደርስም ለሠልስቱ ደርሶ ተመልሶ ነበር። እናቲቱ ገና በከሰል ልብስ ላይ ነበሩ። «መምህር፣ ሁለት ነገር ብቻ አይተው ይንገሩኝ» አሉኝ። «መሥሪያ ቤት የሌለው ሥራ እውነተኛ ሥራ ነው ወይ? ደግሞስ ልጄ ጎረቤት አለው ወይ?» ሦስተኛውን ጥያቄ በአፋቸው አልተናገሩትም፤ ፊታቸው ላይ ግን ይነበብ ነበር። ይኸውም ልጁ ለአባቱ አርባ መምጣት እንደማይችል በስልክ ነግሯቸው ስለ ነበረ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ቀላል ነው። የልጁ ሥራ ለድርጅቱ የሒሳብ አያያዝ የሚያገለግል የኮምፒዩተር መርሐ ግብር መጻፍ ነው፤ ይህንንም ኢንተርኔትና መብራት ባለበት በማናቸውም ስፍራ ሊሠራው ይችላል። እንዲህ ያለው ሥራ ቀድሞም ነበረ። ዳሩ ግን በ2020 ዓመት የኮሮና ወረርሽኝ ሰዎችን በየቤታቸው በዘጋ ጊዜ፣ ብዙ ሺህ የቢሮ ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው መሥራት እንደሚችሉ ታወቀ። ቱሪስት የቀረባቸው አገሮችም ወዲያው ነቁ። በዚያው ዓመት ባርቤዶስና ኤስቶኒያ፣ ከዐረብ አገሮችም ዱባይ፣ ደመወዙን ከውጭ አገር እያገኘ በእነርሱ ዘንድ ለሚቀመጥ ሰው ልዩ የመግቢያ ፈቃድ አወጡ። ፖርቱጋል ሕጓን ያሻሻለችው በ2022 ሲሆን፣ ፈቃዱ መሰጠት የጀመረው በዚያው ዓመት በኦክቶበር መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ሕጉ የሚያውቀው በአገሩ ተቀጥሮ የሚሠራውን፣ ተማሪውን፣ ነጋዴውንና በጡረታ ወይም በንብረቱ ገቢ የሚኖረውን ነበር። ተቀምጦ በሊዝቦን፣ ተቀጥሮ በሌላ አገር የሆነ ሰው በየትኛው መዝገብ እንደሚጻፍ አይታወቅም ነበር።

ፈቃዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እስከ አንድ ዓመት ብቻ ለሚቀመጥ ሰው የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው ለመኖር ለሚመጣ ሰው የሚሰጥ ሲሆን፣ ይህ በራሱ የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም፤ ወደ መኖሪያ ፈቃድ የሚያደርስ በር ነው። የሚጸናው ለ4 ወር ነው፤ በዚህም ጊዜ ውስጥ ባለፈቃዱ ወደ አገሩ ሁለት ጊዜ ብቻ መግባት ይችላል፤ ከዚያም በተቀጠረለት ቀን ቀርቦ፣ የጣት አሻራ ሰጥቶ፣ ለ2 ዓመት የሚያገለግለውን የመኖሪያ ካርድ ይጠይቃል። ካርዱ ኋላ ለ3 ዓመት ይታደሳል። ብዙ ሰው ቪዛው ሲመታለት ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። ልጁም የእናቱን ለቅሶ ሰምቶ በሚያዝያ ሲበር አንዱን መግቢያ ቀድሞ ተጠቅሞበት ነበር፤ ሲመለስ ሁለተኛው አለቀ።

ሕጉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ገቢን ነው። አመልካቹ ባለፉት 3 ወራት በአማካይ ያገኘው የወር ገቢ የፖርቱጋልን ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 4 እጥፍ መሆን አለበት። ዝቅተኛው ደመወዝ በ2023 ዓመት 760 ዩሮ ስለ ነበረ፣ የሚጠየቀው 3,040 ዩሮ ነበር። በ2025 ደግሞ 870 ዩሮ ስለ ደረሰ፣ 3,480 ዩሮ ሆነ። ይህንን ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ከዚህም ጋር የሥራ ውል፣ ግብር የሚከፈልበት አገር ማስረጃ፣ የጉዞ ኢንሹራንስ፣ ማረፊያ ቤት ስለ መኖሩ የሚያስረዳ ወረቀትና ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃ ይቀርባል። ከ12 ወር ውስጥ ከ183 ቀን በላይ በፖርቱጋል የተቀመጠ ሰው በግብር በኩል እንደ አገሩ ነዋሪ እንደሚቆጠርም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ለእኛ አገር ሰው ግን ትልቁ ፈተና ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ልጁ የሰነዶቹን አቃፊ አውጥቶ ሲያሳየኝ፣ ግማሹ ችግር የመጣው ከስማችንና ከዘመን አቆጣጠራችን መሆኑን አየሁ። የፈረንጅ ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። ልጁ በፓስፖርቱ ላይ የአያቱ ስም በመጨረሻ ተጽፎለታል፤ በሥራ ውሉ ላይ ግን በአባቱ ስም ብቻ ነው የሚጠራው። በዲግሪው ላይ የአባቱ ስም በአንድ «ኤስ»፣ በፓስፖርቱ ላይ በሁለት «ኤስ» ተጽፏል። ይህን የሚመለከተው ጸሐፊ አማርኛ አያውቅምና፣ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው ብሎ የማመን ግዴታ የለበትም። የልደቱም ቀን እንደዚሁ ነው። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ባለው ጊዜ በእኛና በእነርሱ ዘመን መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ግን 8 ዓመት ነው። ልጁ የተወለደው በጥቅምት ሲሆን፣ በአንደኛው ወረቀት ላይ 8 ተደምሮ በሌላው 7 ስለ ተደመረ፣ በሰነድ ላይ ሁለት ልደት ያለው ሰው ሆኖ ተገኘ። እርሱን አስተካክሎ፣ አስተርጉሞ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስመስክሮ እስኪጨርስ ድረስ አስቀድሞ ያወጣው ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ጊዜው አለፈበት፤ አሻራውንም እንደገና ሰጠ። ልጆቻችሁ ገና ትምህርት ቤት ሳሉ ስማቸው በላቲን ፊደል በአንድ ዓይነት እንዲጻፍ ብታደርጉ፣ ኋላ ብዙ ወር ይተርፍላቸዋል።

ልጁ የተከራየው ክፍል በአልፋማ፣ በአንድ አሮጌ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አልጋ፣ በግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ጣሪያ በጣሪያ ላይ፣ ከዚያም ወዲያ ወንዙ። ጧት ሲሠራ በጀርባው ተቀምጬ አየሁት። ከሆላንድ ያሉት አለቃው በሥዕል መስኮት ብቅ ብለው ተነጋገሩት፤ የሠራውን አይተው አንዱን ነገር እንዲያርም አዘዙት፤ እርሱም አረመ። አለቃ፣ ትእዛዝና ደመወዝ ካለ ሥራ አለ። የጎደለው፣ በእረፍት ሰዓት ሻይ የሚጠጣለት ባልደረባ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ በወንዙ ዳር ወዳለው ቤሌም ወደሚባል ሰፈር ይዞኝ ሄደ። መንገዱ ዳር፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የምናውቀው የጃካራንዳ ዛፍ ሐምራዊ አበባውን አርግፎ ነበር። በቤሌም ያለው የቅዱስ ሄሮኒሞስ ገዳም ሥራው በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተጀመረ ነው። ንግሥት እሌኒ የላኩት ማቴዎስ በ1514 ዓመት ሊዝቦን ሲደርስ ግንበኞቹ ገና በሥራ ላይ ነበሩ። በገዳሙ ቤተ ክርስቲያን የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር አለ፤ በ1541 ዓመት ከ400 ወታደር ጋር ወደ አገራችን መጥቶ በሚቀጥለው ዓመት የተገደለው ክሪስቶቫው ዳ ጋማ የእርሱ ልጅ ነው። እኔ ግን በዚያ ቆሜ ያሰብሁት ስለ ሌላ ሰው ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል የላኳቸው አባ ጸጋ ዘአብ በ1527 ዓመት ወደዚህች ከተማ መጡ። ለሮም ሊቀ ጳጳሳት የተጻፈውን ደብዳቤ ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1533 በቦሎኛ ሲያቀርብ፣ አባ ጸጋ ዘአብ በፖርቱጋል ቀርተው ነበር። የአገሩ ሊቃውንት በሰንበት፣ በግዝረትና በጾም ነገር እየተከራከሩ፣ ሥጋ ወደሙ እንዳይቀበሉ ከለከሏቸው። እርሳቸውም የኢትዮጵያን ሃይማኖትና ሥርዐት ጽፈው ለዳምያው ደ ጎይሽ ሰጡት፤ እርሱም በላቲን አድርጎ በ1540 በሉቫን ከተማ አሳተመው። መጽሐፉ በፖርቱጋል ውስጥ እንዳይሸጥ ታገደ። አባ ጸጋ ዘአብ ከ10 ዓመት በላይ ተቀምጠው በመጨረሻ ቢሰናበቱም፣ አገራቸውን ሳያዩ በመንገድ ዐረፉ። ለእርሳቸው ቤትና ቀለብ አልጎደለባቸውም ነበር። ይህን ለልጁ ስነግረው፣ «መምህር፣ እርሳቸው መልእክተኛ ነበሩ፤ እኔ በፈቃዴ ነው የመጣሁት» አለኝ። መልሱ ትክክል ስለ ሆነ ዝም አልሁ።

አሁን ወደ ዚያ ቁጥር ልመለስ። የውጭ አገሩ ሰው የአገሩን ዝቅተኛ ደመወዝ 4 እጥፍ ካላገኘ አይገባም ማለት፣ የሚገባው ሁሉ ከብዙው ነዋሪ ይልቅ የመክፈል አቅም አለው ማለት ነው። ሕጉ ይህን ያደረገው እንግዳው በመንግሥት ላይ ሸክም እንዳይሆን ነው፤ ሐሳቡም መጥፎ አይደለም። ሆኖም ቤት አከራዩ ማንን እንደሚመርጥ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ቱሪስቱም፣ ባለሀብቱም፣ የአዲስ ቤት እጥረቱም ተጨምሮበት፣ የሊዝቦን ኪራይ ከነዋሪው ደመወዝ ጋር ሊመጣጠን አልቻለም። በ2023 ዓመት በሊዝቦንና በሌሎቹ ከተሞች ብዙ ሕዝብ ስለ ቤት ችግር ሰልፍ ወጥቷል። የልጁ ጎረቤት የሆኑት፣ በምድር ቤት የሚኖሩት አሮጊት ሴት፣ ከእርሱ በፊት በዚያ ክፍል የእኅታቸው ልጅ ትኖር እንደ ነበረና ኪራዩ ሲጨምርባት ከወንዙ ማዶ እንደ ሄደች ነግረውታል። ይህን ካወቀ በኋላ ለ2 ሳምንት ያህል በበራቸው በኩል ማለፍ አፍሮ ነበር። ሴትዮዋ ግን እርሱን አልከሰሱትም። ዕቃቸውን ከገበያ ሲያመጡ ደረጃውን ያወጣላቸዋል፤ እርሳቸው ደግሞ ፖስታውን ይቀበሉለታል፤ ፖርቱጋልኛውንም ያርሙታል። በአውሮፓ ከተማ ገንዘብ ከውጭ እያገኙ ቋንቋውን ሳይማሩ፣ እርስ በርስ ብቻ እየተሰበሰቡ ዓመት የሚያሳልፉ ብዙ ናቸው። እነዚህ ከተማይቱን እንደ ሆቴል ነው የሚያውቋት፤ ነገሩ ለእኔ አስቀያሚ ይመስለኛል።

የአባቱ አርባ የዋለው እኔ በሊዝቦን ሳለሁ ነው። ደግሞም የመኖሪያ ካርዱ ቀጠሮ የተያዘለት በዚያው ቀን ነበረ። ቢሄድ ሁለቱ መግቢያ አልቋል፤ ካርድ ሳይዝ ተመልሶ መግባት አይችልም፤ የቤት ውሉም፣ እናቱ የሚረዱበት ገንዘብም ከዚያ ጋር ይሄዳል። ንጋት ላይ፣ በእኛ አገር ከጧቱ 1 ሰዓት ሲሆን፣ በሊዝቦን ግን ገና ጨለማ ሳለ፣ ስልኩን በጠረጴዛው ላይ አቁሞ የቤተ ክርስቲያኑን ፍትሐት ሰማ። ድምፁ ይቆራረጥ ነበር፤ የቄሱ ቃል ሲጠፋበት እኔ የማውቀውን ያህል እየተቀበልሁ ቀጠልሁለት። ከዚያም ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ አቃፊውን ይዞ ወደ ቀጠሮው ሄደ። ሲመለስ አሮጊቷ ሴት በደረጃው ላይ ቆመው ጠበቁት። ጧት የሰሙት ዜማ ምን እንደ ሆነ ጠየቁት፤ በተሰባበረ ቋንቋው ነገራቸው። እርሳቸውም ወደ ቤታቸው ገብተው፣ ትኩስ ሾርባ በድስት ይዘው ሦስቱን ፎቅ ወጡ። ሐዘንተኛ ምግብ አይሠራም፣ ጎረቤት ነው የሚያመጣለት የሚለው ልማድ ለእነርሱም እንግዳ አልነበረም።

አዲስ አበባ ስመለስ በመጀመሪያ የሄድሁት ወደ እናቲቱ ቤት ነው። ስለ አለቃው፣ ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ ቀጠሮው ሁሉ ነገርኋቸው። የሁለቱን መግቢያ ነገር ግን ሁለት ጊዜ መድገም አስፈለገኝ። «እንግዲያ አንዷን መግቢያ ለአባቱ ሠልስት ነው ያዋላት?» አሉ። አዎን አልኋቸው። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ ስለ አሮጊቷ ሴት ይጠይቁኝ ጀመር፤ ስንት ልጅ እንዳላቸው፣ እግራቸውን ያማቸው እንደ ሆነ፣ ቡና ይጠጡ እንደ ሆነ። ቡና በሊዝቦን ሁሉም ሰው እንደሚጠጣ ስነግራቸው ግን አላመኑኝም፤ «የእኛን አልጠጡማ» ብለው ተነሡና፣ ለልጃቸው በርበሬ፣ ለሴትዮዋ ጥሬ ቡና ለይተው ቋጥረው፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው እንድፈልግላቸው ሰጡኝ።