የሐጂ ራዲዮ

አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ ካቻቢቴና ፒንሳ ካለህ፥ ይልቁንም የተበላሸ ዕቃ ባየህ ቁጥር እጅህን የሚበላህ ከሆነ፥ ይህን የምጽፈው ለአንተ ነው። ካቻቢቴ የሌለህ እንደ ሆነ ግን እሰየው፤ ጎረቤቶችህ በሰላም ይኖራሉ።

እኔ በአሶሳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። የማስተምረው ፊዚክስ ስለ ሆነ ሰፈርተኛው ሁሉ የቆመ ሰዓትና የማይበራ የእጅ ባትሪ ይዞ ይመጣብኛል። ዲግሪዬ ስለ ሞገድ እንጂ ስለ ሰዓት ጥርስ እንዳልሆነ ማን ይስማኝ? አንዳንዱን አድናለሁ፤ አንዳንዱን ደግሞ በሬሳው እመልሳለሁ።

በግንቦት 2015 ዓ.ም. አንድ ማታ፥ ዝናቡ ገና ሲጀምር፥ ጎረቤቴ ሽማግሌው ነጋዴ ራዲዮአቸውን በፎጣ ጠቅልለው መጡ። እኔ «ሐጂ» እላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም «ኡስታዝ» ይሉኛል።

«ኡስታዝ፥ ኦምዱርማን ዝም አለኝ» አሉ።

ነገሩ በአዲስ አበባ ላለ አንባቢ ቀላል ይመስለው ይሆናል። የበርታ ሕዝብ ግን ከወሰኑ ወዲህም ወዲያም የሚኖር ነው፤ በአሶሳ ገበያም ዐረብኛው ከአማርኛው ጋር ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1940 የተቋቋመው የኦምዱርማን ራዲዮ ለሐጂ የልጅነት ወዳጅ ነው። ደግሞም እኅታቸው በደማዚን ይኖራሉ፤ በሱዳን ጦርነቱ ከተነሣም፥ ሚያዝያ 7 ቀን ስለ ነበር፥ ወር አልፎታል።

እኔ ግን ስለ እኅታቸው አልጠየቅሁም። ያየሁት ፎጣው ውስጥ ያለውን ብቻ ነው።

ክዳኑን ፈታሁ። የድንጋዩ ማስቀመጫ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ስለ ነበር በሎሚ ጠርጌ አደረቅሁት። ይህ ደኅና ሥራ ነበር፤ ምነው እዚያ ላይ ባቆምሁ! ዳሩ ግን አንድ ጊዜ የተከፈተ ራዲዮ እንዴት ይተዋል? ከላይ በኩል መካከለኛውን ሞገድ የሚቀበል ጥቁር ዘንግ አለ፤ በእርሱ ላይ ከጠጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ዘንጉን ገለል አድርጌ ከሥሩ ያለውን ለማየት ስሞክር ሽቦው ብጥስ አለ።

አሁን ራዲዮው በእውነት ዝም አለ። ተማሪዎቼን «ሳትከፍቱ በፊት ፈትኑ» እያልሁ የማስተምረው ሰው፥ «ሌላው ጣቢያስ ይሰማል?» ብዬ አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቅሁም ነበር። በማግስቱ ስጠይቃቸው፥ «አዎን፥ ሌላው ሁሉ ደኅና ነው» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት፥ የኦምዱርማን ራዲዮ ሕንፃ ከውጊያው መጀመሪያ አንሥቶ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ መውደቁን ሰማሁ። በሽተኛው ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ፥ እኔ ጤነኛውን በጠረጴዛዬ ላይ ቀድጄዋለሁ!

ሦስት ሌሊት ሠራሁ። መብራት ስለ ጠፋ የመበየጃውን ብረት በከሰል ምድጃ ላይ አጋልሁት። ሽቦው በስስ ቅባት የተሸፈነ ነውና ካልተፋቀ እርሳሱ አይዝም፤ አጥብቀህ ከፋቅኸው ደግሞ ይበጠሳል። ሁለት ጊዜ ተበጠሰብኝ። በሦስተኛው ሌሊት፥ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሲሆን፥ አንድ ቁርኣን የሚቀራ ሰው በክፍሌ ውስጥ ድምፁን ከፍ አደረገ። በሌሊት መካከለኛው ሞገድ ከላይኛው አየር እየተንጸባረቀ ሩቅ ይደርሳልና ከካይሮ ይሁን ከጅዳ አላወቅሁም፤ ብቻ በደስታ ምድጃውን ልደፋው ምንም አልቀረኝ።

በነጋታው ወሰድሁላቸው። «ሐጂ፥ ሽቦውን የበጠስሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ራዲዮው መጀመሪያም ደኅና ነበር» አልኋቸው።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ደኅና ነበር?» አሉና ጥቂት ዝም አሉ። «እኔስ ያመጣሁልህ፥ ብልሽቱ ከራዲዮው በሆነ ብዬ ነበር።»

ያን ጊዜ ስለ እኅታቸው ጠየቅሁ። ቡናው ፈልቶ እስኪያልቅ ድረስ ነገሩኝ።

የሱዳን ጦር ሕንፃውን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ሐጂ በየማታው መርፌውን ኦምዱርማን ላይ አድርገው ሹሹታውን ጥቂት ያደምጡና ወደ ሌላ ጣቢያ ያዞሩት ነበር። ከራዲዮው የተረፈች አንዲት ብሎን ዛሬም በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለች። ከየት እንደ ወጣች ፈልጌ አጣሁ፤ ሐጂም አልጠየቁኝ።