በርበሬያችን የት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ?

ከካልጋሪ፣ አልበርታ

ሰው ባሕር ማዶ ሲኖር የማይለምደው የለም። ብርዱንም፣ ብቸኝነቱንም፣ የፈረንጁን «እንዴት ነህ» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ማለፍንም ይለምዳል። እኔ እስከ ዛሬ ያልለመድኩት አንድ ነገር ቢኖር የገዛ አገሬን ዕቃ ባልጠበቅኩት ቦታ፣ በማላውቀው ሰው ስም ታሽጎ ማግኘት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌሊት ሌሊት በአንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ዕቃ እደረድራለሁ። አዎን፣ አዲስ አበባ ሳለሁ የጋዜጣ ዓምድ እሞላ ነበር፤ እነሆ ዛሬ መደርደሪያ እሞላለሁ። ባለፈው ጥር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ አንድ ካርቶን ቀድጄ ትንንሽ የመስታወት ብልቃጦች አወጣሁ። አንዱን ወደ መብራቱ ጠጋ ባደርገው በላቲን ፊደል «በርበሬ» ይላል። ከሥሩ በደቂቅ ጽሕፈት «የኢትዮጵያ ዓይነት ቅመም» ይላል። ልቤ ዘለለ። ገልብጬ ዝርዝሩን አነበብኩ፦ ፓፕሪካ፣ ድንብላል፣ ከሙን፣ ዝንጅብል፣ አብሽ... ኮረሪማ የለም። በሶብላ የለም። ጤና አዳም የለም። አርባ ግራም ነው፤ ዋጋው ሰባት ዶላር። በኪሎ ሳሰላው 175 ዶላር መጣ።

ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ? ብልቃጡን በእጄ እንደያዝኩ ያሰብኩት ስለ አንዲት ሴትና ስለ ሰጠኋቸው ክፉ ምክር ነበር። ወደዚያ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ልውሰዳችሁ።

ሕንዶቹ ሰፈር

ካልጋሪ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት የነዳጅ ከተማ ናት (ዓመቱና ቁጥሩ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ አንድ ሺህ ሜትር ከምናምን ነው፤ የአዲስ አበባን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ብርዷ ግን ዕጥፍ ነው። አንዳንዴ ከምዕራብ ከሮኪ ተራሮች ሺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ይመጣና በግማሽ ቀን በረዶውን ያቀልጠዋል። ያን ቀን ሐበሻው ሁሉ ከቤቱ ይወጣል።

ከመሐል ከተማ በብሉ ላይን ባቡር ተሳፍራችሁ፣ ኋይትሆርንን አልፋችሁ፣ ከ2012 ወዲህ መጨረሻው ጣቢያ ከሆነው ከሳድልታውን ብትወርዱ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌዎች ፀሐይ ሲሞቁ ታገኛላችሁ። በአቅራቢያው ባለው የማርቲንዴል ሰፈር ዳሽሜሽ የተባለው የሲኮች ቤተ ጸሎት አለ፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ምግብ በነፃ ይቀርብበታል። በ2011 ካልጋሪ ስደርስ የመጀመሪያውን በርበሬዬን ያገኘሁት ከዚህ አካባቢ ነው። በርበሬ ስል ከነነፍሱ አይደለም፤ አጥንትና ሥጋውን ነው።

የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን የተከታተልኩት ሕንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ ስለነበር የተሰባበረች ሂንዲ ነበረችኝ። ፑንጃቢው ባለሱቅ ፊት ቆሜ «ሜቲ» ስለው አብሽ አወጣልኝ፤ «አጅዋይን» ስለው ነጭ አዝሙድ፤ «ካሎንጂ» ስለው ጥቁር አዝሙድ፤ «ዳኒያ» ስለው ድንብላል፤ «ላውንግ» ስለው ቅርንፉድ። ለካስ እኛና እነሱ ከአንድ ማሰሮ ስንቀዳ ኖረናል! ምን ይገርማል? የሙሐመዳሊ ቤት የሚባለው የሕንድ ነጋዴዎች ድርጅት ፋሽስት ኢጣሊያ በ1937 እስክታባርረው ድረስ በአገራችን ሲነግድ የኖረ ነው። በጃንሆይ ዘመን ስንቱን ተማሪ ሒሳብ ያስቆጠሩት ሕንዳውያን መምህራን ናቸው፤ አባቴም አንዱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጠፋ፤ ኮረሪማ። ባለሱቁ ትልቁን ጥቁር ሄል አሳየኝ። የዝንጅብል ቤተሰብ ነውና ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ዘመድ እንጂ እናት አይደለም። ኮረሪማ የከፋና የጂማ ጫካ ልጅ ናት።

ባለጋሪው

በዚያ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ነጭ ሪዛም ሽማግሌ ሥዕል ያለበት የቅመም ካርቶን አይታችሁ ታውቃላችሁ። ኤም ዲ ኤች የሚባለው ነው። ሽማግሌው ማሐሻይ ዳራምፓል ጉላቲ ይባላሉ። አባታቸው በ1919 ዛሬ ፓኪስታን በሆነችው በሲያልኮት ከተማ የቅመም ሱቅ ከፈቱ። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ ቤተሰቡ ሁሉን ጥሎ ዴልሂ ገባ። ልጅየው መጀመሪያ የሠሩት ሥራ ምን መሰላችሁ? ጋሪ መንዳት! ከዚያ ትንሽ ሱቅ ከፈቱ፤ የአባታቸውን ቅመም እየወቀጡ በካርቶን አሸጉ። በዲሴምበር 2020 በ97 ዓመታቸው ሲያርፉ ምርታቸው ዓለምን ዞሮ ነበር። ስደተኛ ነበሩ፤ እንደኛ።

ይህ ለወገን የሚሸጠው ቅመም ነው። ወደ ፈረንጁ ጓዳ የገባው ደግሞ በሌላ በር ነው። እንግሊዞች «የሕንድ ወጥ» አሠራርን በመጽሐፍ ካተሙ ቆይተዋል፤ የሐና ግላስ የምግብ መጽሐፍ በ1747 ነው የወጣው። ዳሩ ግን ሃምሳ ዓይነት ቅመም አንድ ላይ ደፍቀው «ከሪ ፓውደር» አሉትና ሁለት መቶ ዓመት በዚያው ኖሩ። ይህን የለወጡት በከፊል ከእኛው ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱ ሕንዶች ናቸው። ሚስተር ፓታክ የሚባሉት ሰው በ1956 ከኬንያ ቤተሰባቸውን ይዘው እንግሊዝ ገቡ፤ ያገኙት ሥራ የውሃ መውረጃ ቦይ ማጽዳት ነበር። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሻንታ ጋር ከወጥ ቤታቸው ምግብ እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። ኋላም ቅመሙን በዘይት ለውሰው በብልቃጥ አሸጉ፤ እንግሊዙ መውቀጥ ሳያስፈልገው በማንኪያ እየዛቀ እንዲሠራ። ለንግዱ ሲሉ ከስማቸው ላይ አንዲት የ«ሀ» ድምፅ የምታመጣ ፊደል ቆረጡ፤ ለፈረንጅ አፍ እንድትቀል። ድርጅቱ በ2007 ለአንድ ትልቅ የእንግሊዝ ኩባንያ ተሸጠ። ከዚያ በፊት፣ በ2001፣ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሮቢን ኩክ ቺክን ቲካ ማሳላን እውነተኛ የእንግሊዝ ብሔራዊ ምግብ ብለውት ነበር።

ካናዳም ከዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። ኢዲ አሚን በ1972 የኡጋንዳን እስያውያን በዘጠና ቀን ውጡ ሲላቸው ካናዳ ብዙ ሺዎችን ተቀብላለች። ካልጋሪን ከ2010 እስከ 2021 በከንቲባነት የመሩት ነሂድ ነንሺም ወላጆቻቸው ከታንዛንያ የመጡ ናቸው። በ2015 አንድ ትልቅ የካናዳ የሱፐርማርኬት ኩባንያ ብራምፕተን ከተማ ላይ ለደቡብ እስያውያን ብሎ «ቻሎ» የሚባል መደብር ከፈተ፤ ትርጉሙ «እንሂድ» ማለት ነው። እኔም በዓይኔ የማየው ነው፦ ሥራ ስጀምር የሕንድ ቅመም «የውጭ ምግብ» ከሚባለው ጥግ አንዲት ሜትር ነበረችው፤ ዛሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞታል።

እትዬ

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። እዚህ ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ቀን ቢሮ ያጸዳሉ። በሐምሌ ፀሐይ ጋራዣቸውን ከፍተው ዛላውን ይቀነጥሳሉ፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በበሶብላና በጤና አዳም ይደልዙታል፤ ያሰጡታል፤ ከዚያ ቅመሙን ያምሳሉ። ባመሱ ቁጥር የጭስ መጠቆሚያው ደወል ይጮሃል፤ ጎረቤቱ ያስነጥሳል። ፋብሪካ ደረቅ ዱቄትና ደረቅ ዱቄት ይቀላቅላል፤ የእሳቸው ግን በእርጥቡ ተዋሕዶ የደረቀ ነው። ልዩነቱ ወጡ ላይ ይታወቃል።

አልበርታ ከጁን 2020 ጀምሮ አደጋ የማያመጡ ምግቦችን ቤት ሠርቶ በቀጥታ ለበላተኛ መሸጥ ፈቅዳለች። እትዬ ግን ዓይናቸው ከትልቁ መደርደሪያ ላይ ነው። ለዚያ ደግሞ ፈቃድ ያለው ወጥ ቤት መከራየት፣ መለያ ቁጥር መግዛት፣ የኢንሹራንስ ውል፣ የላቦራቶሪ ምርመራ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈ መግለጫ ያስፈልጋል። ዛላውን ከአገር ቤት በንግድ ማስመጣት ካሻቸው የፌዴራል ፈቃድ ግድ ነው። መግለጫውን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀሙትን ገንዘብ አወጡ።

በ2023 አንድ አከፋፋይ ቀመሰውና ወደደው። ሁለት ነገር ግን ጠየቀ። አንደኛ፣ ኮረሪማው ውድ ነውና ይውጣ፤ ሁለተኛ፣ «በርበሬ» የሚለውን ማንም አያውቀውምና «የአፍሪካ ቃሪያ ቅልቅል» ይባል። እትዬ እቤቴ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ የተማርክ ነህ፤ ምን ይሻለኛል?» አሉኝ።

«ይቀበሉ እትዬ» አልኳቸው። «ፓታክም ከስማቸው ፊደል ቆርጠዋል። ስም አይበላም። መጀመሪያ ይግቡ፤ ስሙን በኋላ ያስተካክላሉ።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ሰውዬው ፊደል ነው የቆረጡት፤ አንተ አንገት ነው የምትለኝ» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። ውሉን አልፈረሙም። ያወጡት ገንዘብም አብዛኛው ውሃ በላው። እኔም በሆዴ «ግትር ናቸው» ብዬ ተናድጄ ነበር።

ያ የጥር ሌሊት ብልቃጥ ነው ያሳፈረኝ። «ማንም አያውቀውም» የተባለው ስም ሰባት ዶላር እያወጣ ነው! ስሙ ተሸጧል፤ ያለ እትዬ፣ ያለ ኮረሪማ፣ ያለ እኛ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የቡናችንን ነገር በጋዜጣ ስከታተል የነበርኩ ሰው መርሳት አልነበረብኝም፤ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች የኢትዮጵያ ናቸው ተብሎ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተደረሰው ከክርክር በኋላ በ2007 ነው። የጤፍ ዱቄት ላይ የሆላንድ ኩባንያ ይዞት የነበረውን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። ስም ይበላል ጎበዝ! እንዲያውም ከሁሉ በፊት የሚበላው እሱ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በማግሥቱ ብልቃጡን ገዝቼ እትዬ ቤት ሄድኩ። ከፍተው አሸተቱት፤ በጣታቸው ቀመሱት። ይሰድቡታል ብዬ ስጠብቅ «ድንብላሉ ደህና ነው» አሉ። ከዚያ «ስሙን ማስተማሩን ሠርተውልናል፤ ማጣፈጡ የኛ ነው» ብለው ሳቁ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ጥሬ ሽንኩርት አቀብለኝ» ነበር መልሳቸው።

ነገሩን በሮዝ ቀለም ልቀባው አልፈልግም። ትልቁ መደርደሪያ ላይ አልገባንም። እዚህ በ17ኛው አቬኑ ደቡብ ምሥራቅ፣ ኢንተርናሽናል አቬኑ በሚሉት መንገድ ላይ ሦስት ትንንሽ ሱቆች የእትዬን በርበሬ ይዘዋል፤ ስሙ ሙሉ ነው፤ ኮረሪማውም አለበት። አሥራ ሁለት ሆነን ዕቁብ ጀምረናል፤ የመጀመሪያው ዕጣ ያለ ዕጣ ለወጥ ቤት ኪራይ እንዲሆን ተስማምተናል። የኦክላንዷ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ተፈሪ በ1991 ምግብ ቤት ከፍተው፣ ኋላም ሞጆ ላይ ቅመም እያዘጋጁ በ«ብሩንዶ» ስም አሜሪካ ማምጣታቸውን ስናስብ የማይቻል እንዳልሆነ ይገባናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። በኤፕሪል 2024 ሆንግ ኮንግ የዚያኑ የባለጋሪውን ድርጅት አንዳንድ ቅመሞች ኢትሊን ኦክሳይድ የተባለ ኬሚካል ተገኘባቸው ብላ ሽያጫቸውን አገደች። ኩባንያው ክሱን አልተቀበለም፤ ሆኖም ወሬው በአንድ ሳምንት ዓለምን ዞረ። የመቶ ዓመት ስም እንዲህ ከተነቀነቀ የእኛ ገና ያልተተከለው ምን ይውጠዋል? ርጥበት የያዘው ዛላ ሻጋታ፣ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚሉትን መርዝ ያመጣል። በሻንጣ የመጣውን «የእናቴ እጅ ነው» ብለን አቅፈን እንበላለን፤ ለሰው ለመሸጥ ግን የእናት እጅ ብቻ አይበቃም። ሸክላ የተፈጨበት በርበሬ አገር ቤት ስንቱን እንዳስለቀሰ እናውቃለንና እዚህ አንድገመው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ በየከተማችሁ አንድ እትዬ አይጠፉም። ቶሮንቶም፣ ዋሽንግተንም፣ ስቶክሆልምም ጋራዥ ውስጥ እያስነጠሱ የሚደልዙ አሉ። ስትገዙ ዋጋ አታስቀንሱባቸው። መግለጫ የሚጽፍ፣ ሒሳብ የሚይዝ ልጅ ካላችሁ ላኩላቸው። ምክር የሚሰጥ የተማረ ሰው ከመጣባቸው ደግሞ፣ እንደኔ ያለው ማለቴ ነው፣ መጀመሪያ ሽንኩርት ይላጥ በሉት።

እኔ ዛሬም ማታ ሥራ ገቢ ነኝ። ብልቃጦቹን በሥርዓት እደረድራለሁ፤ ደመወዜ ነውና። ከአጠገባቸው ግን አንድ ክንድ የምታህል ባዶ ቦታ አለች። ባለፍኩ ቁጥር በዓይኔ እለካታለሁ።