በሜዳ ላይና ከሜዳ ውጭ

አንድ ተዋናይ በመድረክ ላይ ጨካኝ ንጉሥ ሆኖ ቢጫወት፣ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ በጭካኔው የሚፈራው ተመልካች የለም። ስፖርተኛን በሚመለከት ግን ይህ ማስተዋል ብዙ ጊዜ ይጓደላል። በውድድር ሜዳ የታየ ኃይለኝነት የሰውየው ሙሉ ባሕርይ ተደርጎ ይቆጠራል፤ በአንጻሩም ዝምተኛና ዓይነ አፋር የሆነ ልጅ ለውድድር አይበጅም ተብሎ ከጅምሩ ወደ ዳር ይገፋል። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ታሪክ የሚመሰክረው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው።

ለአብነት ያህል ሻምበል ምሩጽ ይፍጠርን መጥቀስ ይቻላል። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ ያገኘው ይህ ሯጭ፣ ኢትዮጵያ በሞንትሪያል ባለመካፈሏ 8 ዓመት ጠብቆ፣ በሐምሌ 1972 ዓ.ም. በሞስኮ የ10,000 እና የ5,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያዎችን በ5 ቀናት ልዩነት ወሰደ። በመጨረሻው ዙር በድንገት የሚያወጣው ፍጥነት «ማርሽ ቀያሪው» የሚል ስም አሰጠው፤ ተፎካካሪዎቹም ያችን ቅጽበት በሥጋት ይጠብቋት ነበር። ከሜዳ ውጭ ግን ምሩጽ ቀልድ አዋቂ ነበር። ጋዜጠኞች ዕድሜውን ሲጠይቁት፣ ሰው ዶሮውንና በጉን ሊሰርቀው ቢችልም ዕድሜውን የሚሰርቀው እንደሌለ፣ ስለዚህም ቆጥሮት እንደማያውቅ ይመልስ እንደነበር ይነገራል።

ይበልጥ ጉልህ የሆነው ምሳሌ ግን የበቆጂዋ ተወላጅ ደራርቱ ቱሉ ናት። በነሐሴ 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ስትመራ፣ ደራርቱ መሪነቱን ሳትቀበል ከኋላዋ ተጠግታ ቆየች። የመምራቱን ድካም ተፎካካሪዋ ብቻዋን ተሸከመች። አንድ ዙር ያህል ሲቀር ደራርቱ ጥላት ሄደች። በዚያች ሰዓት ርኅራኄ የሚባል ነገር አልነበረም። የፍጻሜው መሥመር ከታለፈ በኋላ ግን ሁለቱ ተቃቅፈው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ሥርዓቷ ምክንያት ከኦሎምፒክ ርቃ ከ32 ዓመታት በኋላ የተመለሰችበት ወቅት ነበርና፣ የዚያ መተቃቀፍ ትርጉም ከሜዳልያው የሰፋ ሆነ።

በጥቅምት 2002 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ማራቶን ደግሞ እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ተዳክማ ወደ ኋላ ስትቀር፣ አብራት እንድትሮጥ ያበረታታቻት ደራርቱ ነበረች። በመጨረሻ ሩሲያዊቷን ሉድሚላ ፔትሮቫን ቀድማ ያሸነፈችውም ይህችው ደራርቱ ናት።

እንግዲህ እውነተኛዋ ደራርቱ የትኛዋ ናት? ተፎካካሪዋን ያለ ርኅራኄ ጥላ የሄደችው ወይስ ያቀፈችው? መልሱ ሁለቱም የሚል ነው። ተዋናይ ቁጣውን ከደራሲ ይዋሳል፤ ሯጭ ግን ከገዛ ራሱ ያመነጨዋል። የውድድር ሕግ መነሻና መድረሻ ስላለው፣ ቆራጥነትም በዚያ ክልል ውስጥ ተወስኖ ሊኖር ይችላል። የቀደመ የበደለ አይደለም፤ የተቀደመም አልተዋረደም። ይህን የተረዳ ስፖርተኛ በሜዳ ላይ ያለውን ሁሉ ሰጥቶ፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግ ጎረቤት ለመሆን አይቸገርም። ይህን ያልተረዳ ግን ሽንፈቱንም ድሉንም ወደ ቤቱ ይዞ ይገባል።

ስለዚህ በሞርሲቶም ሆነ በሆሳዕና፣ በዱራሜም ሆነ በበቆጂ ልጆችን ለሩጫና ለኳስ የሚመርጥ መምህር፣ በክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማውን ልጅ በሰዓት ሳይለካ ሊያሰናብተው አይገባም። ኃይለኛ የሆነውንም ቢሆን፣ ኃይሉን የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያቆም ሊያስተምረው ይገባል። እግርን ማፍጠን የሥልጠናው ግማሽ ነው፤ ከመሥመሩ በኋላ እጅ መዘርጋትን ማስተማር ደግሞ ቀሪው ግማሽ ነው።