ብስክሌት፣ ድንኳንና የመሸበት እንግዳ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ አገሩን ዞሮ ለማየት የሚመኝ ሰው ብዙ ገንዘብ ያስፈልገዋል የሚባለው ነገር ለብዙ ተማሪና ለብዙ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ማመካኛ ሆኖ ኖሯል። ደመወዝ ለቤት ኪራይና ለቀለብ ተከፋፍሎ ሲያልቅ፣ ዐባይን በካርታ፣ ወንጪን በፎቶግራፍ አይቶ መቅረት ዕጣችን ይመስለናል። እኔ የምኖረው በ2015 ዓ.ም. ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለለችው በቡራዩ ነው። በሠፈራችን የሚያልፈው አስፋልት ወደ ምዕራብ ሲነጉድ መናገሻን፣ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አቋርጦ አምቦ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ነቀምቴ ይቀጥላል። አንድ ብስክሌትና አንዲት ትንሽ ድንኳን ያለው ሰው ይህን አገር ያለ ሆቴል ኪራይ ሊያየው ይችላል። እንዴት እንደሚቻል በመንገድ ላይ ከተማርሁት ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ወደ ሜልቦርን ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ይሁን እንጂ ተወዳዳሪና መንገደኛ ለየቅል ናቸው። ተወዳዳሪውን ውሃውንና መካኒኩን የያዘ መኪና ይከተለዋል፤ የመንገደኛው ወጥ ቤትም፣ መኝታ ቤትም፣ ጋራዥም ከኮርቻው ኋላ የታሰረው ጓዝ ነው።

ስለዚህ ጓዝ ሲሸከፍ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ምን ልተው?» ተብሎ ነው። ቶማስ ስቲቨንስ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. ከ1884 እስከ 1886 የፊት ጎማው እጅግ ግዙፍ በሆነ በዚያ ዘመን ብስክሌት ዓለምን ሲዞር፣ ሲነሣ የያዘው ካልሲ፣ አንድ ቅያሪ ሸሚዝ፣ ለድንኳንም ለመኝታም የሚሆን የዝናብ ልብስና ሽጉጥ ነበር። ሽጉጡን እንተወውና የቀረውን ልብ እንበል። እኔ የምይዘው ድንኳን፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ላስቲክ፣ ጋቢ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ኩባያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ገመድና ሳሙና ነው። ጋቢ ሌሊት ብርድ ልብስ፣ ጧት ካፖርት ይሆናል። ለብስክሌቱ ደግሞ አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ ፖምፓና ሁለት ሦስት መፍቻ ይበቃል፤ በየከተማው ጎሚስታ ቢኖርም ጎማ የሚተነፍሰው ሁልጊዜ በሁለት ከተሞች መካከል ነውና። ጓዙ በግራና በቀኝ እኩል ይከፈል፤ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በተቀደደ ማሰሪያም ጠብቆ ይታሰር።

መልክዐ ምድሩንም አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ቡራዩ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር፣ አምቦ ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ስለዚህ መሄድ ይቀልላል፤ ሲሄዱ ቁልቁለቱ ያበደረውን ግን ሲመለሱ ዳገቱ ከነወለዱ ይቀበላል። ጉልበቱን ለመልስ የማያስቀር ሰው ብስክሌቱን በአይሱዙ ጣሪያ ጭኖ ይመለሳል። በዚህ መንገድ የጭነት መኪና ይበዛልና ማልዶ ተነሥቶ ትራፊኩ ሳይበረታ ብዙውን መንገድ መጨረስ፣ ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ልብስ መልበስ፣ ከጨለመ በኋላም ፈጽሞ አለመንዳት ያሻል።

ስንቅን በተመለከተ አያቶቻችን ጨርሰውልናል። ለዘማችና ለነጋዴ የተበጁት በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ለብስክሌተኛ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ አይከብዱም፣ ቶሎ አይበላሹም፣ ብዙ እሳትም አይፈልጉም። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። በቡራዩ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላና አተር ጨርሶ አልበስልም ይላል፤ በሶ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃዋል። የምንጭና የወንዝ ውሃ፣ ጥሩ ቢመስልም፣ መፍላት ከጀመረ በኋላ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ሳይንተከተክ አይጠጣ። የገፈርሳ ግድብ ውሃ ለአዲስ አበባ ሕዝብ የሚጠጣ ነውና በዳርቻው መታጠብም ሆነ ማደር ነውር ነው።

ማገዶም የሰው ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ማገዶ ቢቸግራቸው መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሕንፃ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር፤ አዲስ አበባን ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ በመንገዱ ዳር የምናየው ባሕር ዛፍ ለገበሬው የልጆቹ ደብተርና የክረምት ቀለቡ ነው። መንገደኛ ከዚያ ቅርንጫፍ ሰብሮ ቡና ቢያፈላ የሰው ገንዘብ ማቃጠሉ ነው። ትንሽ የላምባ ምድጃ መያዝ፣ ካልሆነም ማገዶ መግዛት ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ እርሱም ሌሊቱ ነው። በውጭ አገር ስለ ብስክሌት ጉዞ የተጻፈውን ያነበበ ሰው፣ ሲመሽ ከመንገድ ወጣ ብሎ ማንም ሳያየው ድንኳን ተክሎ ማደርን እንደ ትልቅ ጥበብ ይቆጥረዋል። ይህ ምክር ሰው በሌለበት ሰፊ ዱር ይሠራ ይሆናል። በሸዋ ደጋ ግን ባዶ የሚመስለው መስክ የመንደሩ ግጦሽ ነው፤ ለድንኳን የተመቸው ክብ ቦታ አውድማ ነው፤ እንደ መናገሻ ሱባ ያለውም ጥብቅ ደን ጠባቂ አለው፣ ያለ ፈቃድም አይታደርበትም። ባለቤት የሌለው መሬት የለም፤ ስለዚህ የሚያዋጣው መደበቅ ሳይሆን መታየት ነው።

አንድ ጊዜ ከጊንጪ አለፍ ብሎ ካለ መንደር ደረስሁና ከደጃፋቸው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። «አባባ፣ እንደምን ዋሉ? መንገደኛ ነኝ፤ ሊመሽብኝ ነው። ድንኳን አለኝ፤ ከዚያ ዛፍ ሥር ብተክል ይፈቅዱልኛል?» አልኋቸው። ከየት እንደመጣሁ፣ የማን ልጅ እንደሆንሁ፣ ምን ፍለጋ እንደምሄድ ጠየቁኝና ከዛፉ ሥር ሳይሆን ከአጥራቸው ውስጥ አስተከሉኝ። ማታ ቡና ተፈልቶ ሳለ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ሳትጠይቅ ከዚያ ተኝተህ ቢሆን ኖሮ አንተ ስትተኛ እኛ ነበርን ሳንተኛ የምናድር። መብራትህን ከሩቅ አይተን ሌባ ይሆን፣ የታመመ ሰው ይሆን እያልን ስንጨነቅ ይነጋ ነበር። አንድ ነገር ብትሆንም የምንጠየቀው እኛ ነን። አሁን ግን እንግዳችን ነህ፤ አንተም ተኛ፣ እኛም እንተኛ።»

ከዚያ ወዲህ ይህን ንግግር ሳላስታውስ ድንኳን ተክዬ አላውቅም። እኛ ነፃነት የምንለው ተደብቆ ማደር ለባላገሩ የስጋት ሌሊት ነው። «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ሲባል «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ መመለስ የቆየ ወጋችን መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ወጉ የሚሠራው ግን እንግዳው ሲጠይቅ ነው። በ1955 ዓ.ም. ከአየርላንድ እስከ ህንድ በብስክሌት የተጓዘችው ዴርቭላ መርፊ በ1959 ዓ.ም. ወደ አገራችን ስትመጣ ብስክሌቱን ትታ በቅሎ ይዛ እስከ አዲስ አበባ ተጓዘች፤ በዚያ ረጅም መንገድ ብዙውን ሌሊት ያሳደሯት ባላገሮች ነበሩ።

አጠያየቁም ሥርዓት አለው። በአገራችን ከዓመት እስከ ዓመት ፀሐይ የምትጠልቀው በ12 ሰዓት ግድም ነው፤ ከጠለቀችም በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይወድቃል። ስለዚህ በ10 ሰዓት ከብስክሌት ይወረዳል። ቀን ሳለ የጠየቀ እንግዳ ነው፤ በጨለማ የሚመጣ ግን ያስደነግጣል። ሰላምታ በአካባቢው ቋንቋ ይሁን፤ «አካም ኦልተን» ያለ ሰው ግማሹን ፈቃድ አግኝቷል። የመታወቂያ ወረቀት ሳይጠየቁ ማሳየት፣ ከየት እንደመጡና ነገ መቼ እንደሚነሡ መናገር መልካም ነው። ሴት ተጓዥ ከጓደኛ ጋር ብትሄድና የቤቱን እመቤት ብታነጋግር ይሻላታል። «አይሆንም» የተባለም አመስግኖ ይለፍ፤ በ10 ሰዓት የወረደ ሰው ሌላ በር ለማንኳኳት ጊዜ አለው።

ከሁሉ በፊት ግን የመንገዱን ሰላም መጠየቅ ግዴታ ነው። ካለፉት ዓመታት ወዲህ በምዕራቡ መንገድ ጸጥታው አንዳንዴ እንደሚደፈርስ የታወቀ ነውና ከመነሣት በፊት ሾፌሮችን፣ ነጋዴዎችንና የአካባቢውን አስተዳደር ሳይጠይቁ አይወጣም። «አትሂድ» ከተባለ አይኬድም፤ መንገዱ የትም አይሄድም።

ጧት ሲነሡ ድንኳን የተተከለበት ቦታ እንደ ነበረ ሆኖ መገኘት አለበት፤ ከተጣጠፈው ሣር በቀር ምልክት አይቅር። ለአሳዳሪ ገንዘብ መዘርጋት አንዳንዱን ያስቀይማልና፣ ከከተማ የተገዛ ቡናና ስኳር፣ ለልጆቹም ደብተር መስጠት ያምራል።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ካርታው አምቦ ከአዲስ አበባ ምን ያህል እንደምትርቅ ይነግረናል፤ በመካከሉ ስንት ሰው እንዳለ ግን አይነግረንም። ያን ለማወቅ በብስክሌት ፍጥነት መሄድና ከሰው ደጅ ቆሞ «አሳድሩኝ» ማለት ያስፈልጋል። ይህን ቃል ከአፉ ማውጣት የከበደው የተማረ ወጣት፣ ብስክሌቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ገና ከቤቱ አልወጣም።