ከቃሬዛ እስከ ደሴ፦ የአምቡላንስ አገልግሎት በሐይቅና በአምባሰል

የአምቡላንስ አገልግሎት ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው መኪናው ቢሆንም፣ አደረጃጀቱ በቅጡ ሲመረመር አገልግሎቱ ሕመምተኛው ከቤቱ ወጥቶ ሊያክመው የሚችል ባለሙያ እጅ እስኪገባ ድረስ ሰውን፣ ስልክን፣ መንገድንና በጀትን የሚያስተሳስር ሥርዓት ሆኖ ይገኛል። በደቡብ ወሎ፣ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ በሆነችውና በእስጢፋኖስ ገዳም በምትታወቀው ሐይቅ፣ እንዲሁም መቀመጫው ውጫሌ በሆነው በአጎራባቹ የአምባሰል ወረዳ፣ የዚህ ሥርዓት መነሻ ቃሬዛ ነው።

ቃሬዛ በሁለት አጣናዎች መካከል ጠፍር ወይም ገመድ ተወጥሮ የሚሠራ የሕመምተኛ መሸከሚያ ሲሆን፣ ሸክሙን የሚያስተባብረው ብዙውን ጊዜ ቅሬ፣ ማለትም የወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን ለቀብርና ለችግር ጊዜ የሚረዳዳበት የአካባቢ ማኅበር ነው። አራት ሰዎች ይሸከማሉ፣ የቀሩት እየተከተሉ ትከሻ ይቀይራሉ፤ መኪና በማይገባበት የአምባሰል ገደላገደል ይህ ጉዞ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል።

ቃሬዛው መኪና የሚገባበት መንገድ ዳር ከደረሰ በኋላ ያለው ክፍል የመንግሥት የጤና መዋቅር ነው። በአገር አቀፉ አደረጃጀት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ሲሆን፣ ከዚያ አቅም በላይ የሆነው ሕመምተኛ ወደ ደሴ ሆስፒታል ይላካል። የወረዳውን አምቡላንስ የሚያስተዳድረው የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ነው፤ ጥሪው በአብዛኛው ከቤተሰብ ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ማለትም በጤና ኬላ ተመድባ ቤት ለቤት ከምትሠራው ሠራተኛ፣ በቀጥታ ለሾፌሩ ተንቀሳቃሽ ስልክ ይደርሳል። ኔትወርክ ከጠፋ ወይም ሾፌሩ ሌላ ወላድ ይዞ ደሴ ከሆነ ግን ጥሪውን ተቀብሎ ለሌላ መኪና የሚያስተላልፍ ማዕከል በሌለበት ሥርዓቱ እዚያው ይቆማል።

እንዲህ ያለው መዘግየት በተለይ ለወላዶች አደገኛ ነው። ተመራማሪዎቹ ሰሪን ታዲየስና ዴቦራ ሜይን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ባሳተሙት ጥናት እናቶችን ለሞት የሚዳርጉትን መዘግየቶች በሦስት ከፍለዋቸዋል፤ እነርሱም ለመሄድ መወሰን፣ ተቋሙ ጋ መድረስና እዚያ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ማግኘት ናቸው። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ ደም መፍሰስ ካልታከመ በሁለት ሰዓት ገደማ ሊገድል ይችላል፤ ሆኖም ከሐይቅ ደሴ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን አስፋልት በራሱ ዋናው ችግር አይደለም፤ ሰዓቱን የሚበላው ከአስፋልቱ በፊት ያለው መንገድና በየተቋሙ ደጃፍ የሚጠፋው ጊዜ ነው። የእናቶች ማቆያ፣ ማለትም ነፍሰ ጡሮች የመውለጃቸው ቀን ሲቃረብ መጥተው የሚቆዩበት በጤና ጣቢያ ቅጥር ግቢ ያለ ቤት፣ የተቋቋመውም ይህንኑ መንገድ ምጥ ከመምጣቱ በፊት ለመጨረስ ነው። ሪፈር የሚባለው የመላኪያ ወረቀት ደግሞ የእናቲቱን የደም ግፊት፣ የተሰጣትን መድኃኒትና ሰዓቱን በሚነበብ ጽሑፍ ካልያዘ፣ ተቀባዩ ሐኪም ምርመራውን ከሀ ለመጀመር ይገደዳል።

አገልግሎቱ በጦርነት ጊዜ ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ ይህ አካባቢ በሁለት ዘመን አይቷል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተቋቁሞ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በነበረው ጦርነትም የደሴ ሆስፒታልና ሌሎች የአካባቢው የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። መኪናው ሲጠፋ ሸክሙ ተመልሶ የሚያርፈው በቅሬው ትከሻ ላይ ነው።

በሰላሙ ጊዜ ደግሞ አገልግሎቱን የሚያዳክመው ጉዳይ ድምፅ የለውም፤ ናፍጣ፣ ጎማና መለዋወጫ፣ ለቀንም ለሌሊትም አንድ ሾፌር ብቻ መመደቡ፣ በሽተኛውን በመንገድ ላይ የሚከታተል የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ አለመኖሩ፣ አንዳንዴም መኪናው ለቢሮ ሥራ መዋሉ ነው። በመሆኑም አንድ ወረዳ ስንት አምቡላንስ አለው ከሚለው ይልቅ ከጥሪ እስከ ሕክምና ስንት ደቂቃ ይወስዳል የሚለው ተመዝግቦ በየወሩ ሊገመገም ይገባል። ለትውልድ ቀያቸው አምቡላንስ ለመግዛት ገንዘብ የሚያዋጡ የአካባቢው ተወላጆችም ቁልፉን ከማስረከባቸው በፊት የናፍጣው በጀትና የሁለተኛው ሾፌር ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ በጽሑፍ ያስወስኑ።